ዕቃው መቼ ይገባል? ለቸርቻሪዎች የግምት ቀን አወጣጥ

በቅድመ ትዕዛዝ የሚሸጥ ሱቅ ከዋጋ ቀጥሎ በብዛት የሚመጣለት ጥያቄ «መቼ ይገባል?» የሚለው ነው። ሁለት መልሶች ሱቁን ይጎዱታል። «በቅርብ ቀን» ማለት ምንም አለማለት ነው፤ ደንበኛው ነገም ከነገ ወዲያም ይጠይቃል፣ በሦስተኛው ሳምንት ሌላ ሱቅ ይሄዳል። ዕቃው ገና መርከብ ላይ እያለ «ማክሰኞ» ማለት ደግሞ በማያዙበት ነገር መማል ነው። የግምት ቀን የሁለቱ መካከል ነው፦ ዛሬ በእጅ ባለው መረጃ ልክ የሰፋ፣ በምን ላይ እንደቆመ አብሮ የሚናገር፣ መረጃው እየጠራ ሲሄድ እየጠበበ የሚመጣ ቀን።

ቀኑን የሚወስነው ማን ነው?

መጀመሪያ ይህን ይለዩ። አዲስ ስልክ፣ የቪዲዮ ጌም ወይም ገና የሚታተም መጽሐፍ ከሆነ፣ ገበያ ላይ የሚውልበትን ቀን የሚቆርጠው አምራቹ ወይም አሳታሚው ነው። ቦርሳ፣ ብሌንደር ወይም ጫማ ከሆነ ግን ቀኑን የሚቆርጠው መንገዱ ነው። በመጀመሪያው ዓይነት ዕቃ ላይ የአምራቹን ቀን የሱቅዎ ቃል አድርገው አይናገሩ። ሳይበርፐንክ 2077 የተባለው ጌም መጀመሪያ ለኤፕሪል 16፣ 2020 ተባለ፤ ወደ ሴፕቴምበር 17፣ ከዚያ ወደ ኖቬምበር 19 ተዛወረ፤ በመጨረሻ ዲሴምበር 10 ወጣ። የመጀመሪያውን ቀን በራሱ ስም የለጠፈ ቸርቻሪ ሁሉ ሦስት ጊዜ ቃሉን ያጠፈ መሰለ፤ ጥፋቱ ግን የእሱ አልነበረም። አባባሉ እንዲህ ቢሆን ይሻላል፦ «አምራቹ ያሳወቀው ቀን ይህ ነው፤ እኛ ጋ የሚደርሰው ከዚያ ከ2 እስከ 4 ሳምንት በኋላ ነው፤ አምራቹ ቀኑን ካዛወረ የእኛም አብሮ ይዛወራል።»

የውጭዎቹ ትልልቅ የኦንላይን መደብሮች ሌላ ችግር አለባቸው። ብዙ ሲስተም የቀን ሳጥኑ ባዶ ከሆነ ትዕዛዝ አይቀበልም። ስለዚህ ሠራተኞች ቀኑ ያልታወቀ ዕቃ ሲመዘግቡ ዲሴምበር 31ን ይሞላሉ። ይህ የቦታ መያዣ እንጂ ቀን አይደለም፤ ገዢው ግን እውነተኛ ቀን መስሎት ስክሪንሾት አንስቶ ያሠራጨዋል። የራስዎ ድረ ገጽ ወይም የኤክሴል ዝርዝር ካለዎት ሁለት አምድ ይሥሩ፦ አንዱ ሲስተሙ የሚፈልገው ቀን፣ ሌላው ደንበኛው የሚያየው ጽሑፍ። ደንበኛው የሚያየው «ነሐሴ አጋማሽ» ሊል ይችላል፤ የመጀመሪያውን አምድ ግን ደንበኛ ማየት የለበትም።

ከእነዚህ ሁሉ አሠራሩ የሚያስመሰግነው የቫልቭ ኩባንያ ስቲም ዴክ ለተባለው መጫወቻ በ2021 የተከተለው ነው። ገዢው 5 ዶላር ከፍሎ ወረፋ ያዘ፤ ገንዘቡ ከዋጋው የሚታሰብ ነበር። ለእያንዳንዱ ሰው የተነገረው ቀን ሳይሆን ሩብ ዓመት ነው፤ ዘግይቶ የተመዘገበው ዘግይቶ የሚደርሰውን ሩብ ዓመት አየ። መጀመሪያ ዲሴምበር 2021 ተብሎ የነበረው ወደ ፌብሩዋሪ 2022 ሲገፋ ማንም ከተራው አልወጣም፤ ወረፋው እንዳለ ወደፊት ተንሸራተተ። ተራው የደረሰው ሰው ክፍያውን ለመጨረስ 72 ሰዓት ነበረው፤ ካልከፈለ ተራው ለቀጣዩ ያልፋል። ይህን ሁሉ አንድ ደብተርና አንድ የቴሌግራም ቻናል ያለው ሱቅም ሊሠራው ይችላል።

መንገዱን በቀን መቁጠር

ለመስከረም የትምህርት ቤት ቦርሳ ከቻይና ያዘዘ ሱቅ እንውሰድ። ፋብሪካው ግንቦት 20 ጨርሶ እንደሚያስረክብ ጽፏል። ከዚያ ወዲህ ያለውን መንገድ ይከፋፍሉና ለእያንዳንዱ ክፍል ሁለት ቁጥር ይጻፉ፦ ሲፈጥን ስንት ቀን፣ ሲጓተት ስንት ቀን። ከፋብሪካ ወጥቶ መርከብ እስኪጫን ከ5 እስከ 10 ቀን፤ ባሕር ላይ ከ30 እስከ 45፤ ጅቡቲ ወደብ ከ5 እስከ 15፤ ከጅቡቲ ሞጆ ደረቅ ወደብ ከ3 እስከ 7፤ ጉምሩክ ከ3 እስከ 10፤ መጋዘን ገብቶ ተቆጥሮና በቀለም ተለይቶ ለሽያጭ እስኪቀርብ ከ2 እስከ 3። እነዚህ ቁጥሮች የስሌቱ ማሳያ ናቸው፤ የእርስዎን ከትራንዚተርዎ (የወደብና የጉምሩክ ሥራ ከሚያስፈጽምልዎ ሰው) እና ከቀድሞ ሰነዶችዎ ያውጡ።

ትንንሾቹ ሲደመሩ 48፣ ትልልቆቹ 90 ይሆናሉ። ወራችን ሁልጊዜ 30 ቀን ስለሆነ ቆጠራው አያስቸግርም፦ ከግንቦት 20 በኋላ 48ኛው ቀን ሐምሌ 8፣ 90ኛው ነሐሴ 20 ነው።

ብዙ ሱቅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሐምሌ 8ን አይቶ «ሐምሌ መጀመሪያ» ብሎ ይለጥፋል። ሐምሌ 8 የሚገኘው ግን ስድስቱም ክፍሎች አንድም ቀን ሳይጓተቱ ካለፉ ብቻ ነው፤ ስድስቱም በአንድ ጊዜ ሲቃኑ ደግሞ ከስንት አንዴ ነው። በተቃራኒው ነሐሴ 20ን መናገርም ዋጋ ያስከፍላል፦ ልጇ መስከረም ላይ ትምህርት የሚጀምርባት እናት ያን ያህል አትጠብቅም፣ ሌላ ቦታ ትገዛለች።

ትክክለኛው ቀን ከራስዎ መዝገብ ይወጣል። ያለፉትን 10 ጭነቶች፣ ከፋብሪካ እስከ መደርደሪያ የፈጁትን ቀን ከትንሹ ወደ ትልቁ ይደርድሩ። 52፣ 55፣ 58፣ 60፣ 61፣ 64፣ 67፣ 71፣ 79፣ 93 ቢሆኑ ስምንተኛውን ይውሰዱ፤ 71 ነው። ከግንቦት 20 በኋላ 71ኛው ቀን ነሐሴ 1 ይውላል። «ከነሐሴ 1 እስከ 10» ብለው ቢያስታውቁ፣ ከ10ሩ ጭነት 9ኙ እስከ መጨረሻው ቀን ድረስ ደርሰው ነበር ማለት ነው፤ ስምንቱ እንዲያውም ቀድመው ወይም በመጀመሪያው ቀን። ቀድሞ የገባ ዕቃ ማንንም አያስቀይምም።

93 ቀን የፈጀውን ግን ለብቻው ይመርምሩት። የማሸጊያ ዝርዝሩ ከደረሰኙ ጋር ባለመግጠሙ የጉምሩክ ቀይ መስመር (ዕቃው በአካል የሚፈተሽበት) ገብቶ ሣጥን በሣጥን ተፈትሾ ከሆነ፣ መድኃኒቱ ቀኑን ማስረዘም ሳይሆን ሰነዱን ከመላኩ በፊት ማስተካከል ነው። መዝገብ የሌለው አዲስ ሱቅ የሁለቱን ድምር፣ የ48ና የ90ን፣ አማካይ ወስዶ፣ በእኛ ምሳሌ 69 ቀን፣ 10 ቀን ይጨምርበት።

በዓላትን አይርሱ። የቻይና አዲስ ዓመት ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል፤ ፋብሪካ ለሁለት ሳምንትና ከዚያ በላይ ይዘጋል፣ ከመዘጋቱ በፊትም የመርከብ ቦታ ይጣበባል። ከኦክቶበር 1 ጀምሮ ያለው ሳምንትም እንዲሁ የዕረፍት ነው። በእኛ በኩል የፋሲካ፣ የጥምቀትና የመስቀል ሰሞን ባንክና ጉምሩክ የሚሠሩበት ቀን ያጥራል። ከአውሮፓ የሚያስመጡ ከሆነ ደግሞ ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ በቀይ ባሕር ሥጋት የተነሳ ብዙ መርከቦች በደቡብ አፍሪካ ዞረው መሄዳቸውን ያስቡ፤ ያ መንገድ ጉዞውን በብዙ ቀን ያስረዝማል። ላኪው የትኛውን መስመር እንደሚይዝ በጽሑፍ ይጠይቁት።

የሚጠብበው መቼ ነው?

የሚናገሩት ቀን ዕቃው ካለበት ቦታ ጋር አብሮ ይሂድ። ፋብሪካ ሳለ ወሩን ብቻ ይናገሩ፦ «ነሐሴ»። መርከብ ተጭኖ ቢል ኦፍ ሌዲንግ (ዕቃው መጫኑን የሚያረጋግጠው የመርከብ ድርጅቱ ሰነድ) እጅዎ ሲገባ የ10 ቀን ክልል ይስጡ። ሞጆ ሲደርስ ሳምንቱን። ዲክላራሲዮኑ (ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ) አልቆ ዕቃው ሲለቀቅ «ከሐሙስ ጀምሮ» ማለት ይቻላል። አቅራቢው «ተልኳል» ስላለ ብቻ አያጥብቡ፤ «ተልኳል» ከፋብሪካው በር ወጥቷል ማለትም ሊሆን ይችላል። ሰነዱን ይጠይቁ፣ የኮንቴነሩን ቁጥር በመርከብ ድርጅቱ ድረ ገጽ ላይ ራስዎ ይከታተሉ።

የቀን መቁጠሪያ ስሕተት ደግሞ በአገራችን ብቻ የሚገጥም ጣጣ አለው። አቅራቢ 08/07 ብሎ ከጻፈ አውገስት 7 ነው ወይስ ጁላይ 8? አንድ ወር ልዩነት አለው። እዚህ ያለ ሠራተኛ ደግሞ ስምንተኛውን ወር ሚያዝያ ብሎ ሊያነበው ይችላል። ከአቅራቢ ጋር ሁልጊዜ የወሩን ስም ያስጽፉ። ለደንበኛ ሲያስታውቁም ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ያስቀምጡ፤ በተለይ ከዱባይ፣ ከሪያድ ወይም ከዋሽንግተን ሆኖ እዚህ ላለ ቤተሰቡ የሚከፍል ደንበኛ ካለ። ቆጠራዎ ነሐሴ 30ን ከተሻገረ ጳጉሜን ይቁጠሯት፤ 5 ቀን ናት፣ በ2019 ግን 6።

ቀብድ ከተቀበሉ

ቀብድ የግምት ቀንን ከወሬ ወደ ውል ይለውጠዋል። በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከአንቀጽ 1883 እስከ 1885 እንደተደነገገው፣ ቀብድ መሰጠቱ ውል ለመኖሩ ማስረጃ ነው። ተዋዋዮቹ ሌላ ነገር ካልተስማሙ በቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ካፈረሰ ቀብዱን ይለቃል፤ የተቀበለው ካፈረሰ ደግሞ አጠፌታውን ይመልሳል። 500 ብር የተቀበለ ሱቅ «አልሸጥልህም» ካለ 1,000 ብር ይመልሳል ማለት ነው። ብዙ ነጋዴ ይህን የሚያውቀው ከተካሰሰ በኋላ ነው።

ስለዚህ በደረሰኙ ላይ ሦስት ነገር ይስፈር። አንደኛ፣ የተቀበሉት ገንዘብ ቀብድ ነው ወይስ ከዋጋው የሚታሰብ ቅድሚያ ክፍያ። ሁለተኛ፣ ቀኑ ግምት መሆኑና ከየትኛው ቀን ካለፈ ደንበኛው ሙሉ ገንዘቡን መውሰድ እንደሚችል። ሦስተኛ፣ ዋጋው የተቆረጠ ነው ወይስ ሊለወጥ ይችላል። የመጨረሻውን ችላ አይበሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር አለፈ። በዚያ ሰሞን በተቆረጠ ዋጋ ቅድመ ትዕዛዝ ይዞ የነበረ ሱቅ በእያንዳንዱ ዕቃ ይከስር ነበር። ዋጋውን መቁረጥ ካልቻሉ ጣሪያውን ይቁረጡ፦ «ከዚህ ዋጋ አይበልጥም፤ ከበለጠ ገንዘብዎ ይመለሳል።»

ከሚመጣው ቁጥር በላይ ትዕዛዝ አይያዙ። 120 ቦርሳ ከመጣ 110 ትዕዛዝ ይብቃ። ጥቂቱ ዚፑ የተበላሸ፣ ጥቂቱ የጎደለ፣ ጥቂቱም ደንበኛው ካዘዘው ቀለም የተለየ ይሆናል። ለ111ኛው ሰው «ዕቃዎ አልመጣም» ማለት የቀን መዘግየት አይደለም፤ ያ ሰው ሲጠብቅ የቆየው የሌለ ዕቃ ነው።

ማስታወቂያውና የስልክ መልሱ

ለቴሌግራም ቻናል የሚሆን አንድ ናሙና ይኸውና፦

«የትምህርት ቤት ቦርሳ፣ 3 ቀለም። የመግቢያ ግምት፦ ከነሐሴ 1 እስከ 10፣ 2018፣ በፈረንጅ ከአውገስት 7 እስከ 16። ዛሬ ያለበት፦ መርከብ ተጭኗል። ሊያዘገየው የሚችለው፦ የወደብ ወረፋና የጉምሩክ ፍተሻ። ቀጣዩ መረጃ ሐምሌ 10 ይለጠፋል፣ አዲስ ነገር ቢኖርም ባይኖርም። እስከ ነሐሴ 20 ካልገባ ገንዘብዎ ሙሉ ለሙሉ ይመለሳል። የተጻፈው ሰኔ 5።»

የመጨረሻዋ አጭር ዓረፍተ ነገር ትልቅ ሥራ ትሠራለች። የቴሌግራም ጽሑፍ ከግሩፕ ወደ ግሩፕ ይተላለፋል፤ ከወር በኋላ ያየው ሰው የዛሬ ይመስለዋል። ቀኑ ሲቀየር አዲስ ከመለጠፍ በተጨማሪ የድሮውን ያርሙት፣ ፒን ያድርጉት። «ቀጣዩ መረጃ ሐምሌ 10» የሚለው ደግሞ የስልክ ጥሪን በእጅጉ ይቀንሳል፤ ሰው መልስ የሚያገኝበትን ቀን ካወቀ በየቀኑ አይደውልም።

አንድ ነገር አጥብቀን እንመክራለን፦ ሠራተኛ ሁሉ አንድ ቀን ብቻ ይወቅ፤ የተለጠፈውን። ውስጥ አዋቂው ቀን፣ ማለትም እርስዎ በልብዎ የሚጠብቁት ሐምሌ 25፣ ካሸር ጋ ከደረሰ ደንበኛ ጋ መድረሱ አይቀርም። ደግ ልብ ያለው ሠራተኛ ደንበኛን ለማስደሰት «ከዚያም በፊት ሊገባ ይችላል» ይላል፤ ደንበኛው የሚያስታውሰውም ያንን ብቻ ነው።

በስልክ እንዲህ ይሁን፦

«ወንድሜ፣ የቦርሳው ነገር እንዴት ሆነ? ልጆቹ መስከረም ላይ ይጀምራሉ።»

«እህቴ፣ ሞጆ ደርሷል፣ አሁን ጉምሩክ ነው። የነገርንዎ ከነሐሴ 1 እስከ 10 ነው፣ አልተቀየረም። ሰኞ ከሰዓት እኔው እደውልልዎታለሁ፣ ቢለቀቅም ባይለቀቅም።»

ዕቃው ያለበት ቦታ፣ የተነገረው ቀን፣ የሚቀጥለው ጥሪ፤ ሦስቱ በቂ ናቸው። «እስኪ ነገ ይደውሉ» የሚለው መልስ ሥራውን ወደ ደንበኛዋ ያዛውረዋል።

ቀኑ ሲያልፍ

መዘግየቱን የሚናገሩት የክልሉ የመጀመሪያ ቀን ከመድረሱ በፊት ነው፤ የመጨረሻው ካለፈ በኋላ አይደለም። ሐምሌ 10 ላይ መርከቡ ጅቡቲ አለመድረሱን ካዩ የዚያኑ ዕለት ይጻፉ። አዲሱን ቀን ሲያወጡ በድሮው ላይ «አንድ ሳምንት» አይጨምሩ። ዕቃው ዛሬ ካለበት ቦታ ተነስተው የቀሩትን ክፍሎች ብቻ እንደገና ይደምሩ፣ የመጓተቻውንም ቁጥር ይውሰዱ። ሦስት ጊዜ አንድ አንድ ሳምንት መግፋት አንዴ ሦስት ሳምንት ከመግፋት እጅግ የከፋ ነው። ሁለተኛው ግፊት ላይ ደንበኛው ቀኑን ትቶ ሱቁን መጠራጠር ይጀምራል፤ ያን ጊዜ እውነቱን ቢነግሩትም አያምንም።

ምክንያቱን በስሙ ይጥሩት። «በተለያዩ ምክንያቶች» ከማለት «መርከቡ ወደብ ሳይገባ 9 ቀን ቆሟል» ማለት ይሻላል። ከዚያ ምርጫውን ለደንበኛው ይተዉ፦ መጠበቅ፣ ሱቅ ውስጥ ባለ ሌላ ዕቃ መቀየር ወይም ገንዘብ መውሰድ። ገንዘብ የሚፈልግ ካለ በዚያው ቀን በቴሌብር ይላኩለት። ገንዘቡን ያለ ክርክር ያገኘ ሰው ተመልሶ ያዛል።

አሜሪካ ሆነው የሐበሻ ልብስ፣ የጀበና ዕቃ ወይም በርበሬ በኦንላይን የሚሸጡ ሱቆች ይህ ምርጫ መስጠት ግዴታቸው ነው። የአገሪቱ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን ከ1975 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባለው ደንብ መሠረት፣ ሻጭ የሚናገረው የመላኪያ ቀን ምክንያታዊ መሠረት ሊኖረው ይገባል፤ ቀን ካልተናገረ 30 ቀን ይቆጠርበታል። የመጀመሪያው መዘግየት 30 ቀን ወይም ከዚያ በታች ከሆነና ደንበኛው ተነግሮት ዝም ካለ እንደተስማማ ይቆጠራል። ከ30 ቀን ከበለጠ ወይም ቀን ካልተቆረጠለት ግን ደንበኛው ራሱ «እጠብቃለሁ» ማለት አለበት፤ ካላለ ገንዘቡ ይመለስለታል። ከአዲስ አበባ ዕቃ እስኪላክላቸው የሚጠብቁ ሱቆች የመላኪያ ቀናቸውን ዕቃው እጃቸው ከሚገባበት ቀን ተነስተው ቢያሰሉ ይበጃቸዋል።

ዕቃው ሲገባ

ለማንም ከመደወልዎ በፊት ይቁጠሩ። የጭነት መኪናው ደጅ ቆሞ ሳለ «ገብቷል» ብሎ መለጠፍ የተለመደ ነው፤ ሰው ሲመጣ ዕቃው ገና በሣጥን ነው፣ ቀለሙ አልተለየም፣ ሰልፍ ይበዛል። መጀመሪያ ቆጥረው፣ የተበላሸውን ለይተው፣ ከዚያ በቀብዱ ቅደም ተከተል ይደውሉ፤ በቀን 30 ሰው ማስተናገድ ከቻሉ 30 ብቻ። ለእያንዳንዱ ሦስት ቀን ይስጡና ካልመጣ አንድ ጊዜ ደውለው ወደሚቀጥለው ይለፉ። ያለ ትዕዛዝ የመጣን ገዢ ከ110ሩ በፊት አያስተናግዱ፣ ገንዘቡን በእጁ ይዞ ቢቆምም።

ከዚያ መዝገቡን ይክፈቱ። ፋብሪካው ያስረከበበትን፣ መርከቡ የተነሳበትን፣ ጅቡቲ የደረሰበትን፣ ሞጆ የገባበትን፣ ጉምሩክ የለቀቀበትንና መደርደሪያ ላይ የዋለበትን ቀን ይጻፉ፤ ድምሩን ከ10ሩ ቁጥሮች ጋር ያስገቡና ከሁሉም ቀድሞ የተመዘገበውን ያውጡ። ለሚቀጥለው ጭነት ስምንተኛው ቁጥር ከ71 ወደ 74 ተቀይሮ ከሆነ፣ የሚለጥፉት ቀንም በሦስት ቀን ይገፋል።